ለጣና የሚሆን ያገለገለ ጀልባ፦ ሞተሩ ከሆዱ ወይስ ከጭራው?

ሰሞኑን ባሕር ዳር የሚኖር ወዳጄ ደወለልኝ። ለቤተሰቡ መዝናኛ የሚሆን፣ ልጆቹም የውሃ ላይ ስኪ የሚማሩበት ያገለገለ ጀልባ ሊገዛ ነው። ሁለት አግኝቷል። አንደኛው ለስኪ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ሞተሩ መሃል ሆዱ ላይ ተቀምጧል። ሁለተኛው ተራ የፋይበር ግላስ ጀልባ ነው፤ ከኋላው 60 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ተንጠልጥሎበታል። «የቱን ልውሰድ?» አለኝ። ሁለተኛውን አልኩት። ነገሩ ግን በአንድ ቃል የሚያልቅ አይደለም።

የስኪ ጀልባው እውነተኛ ብልጫ አለው። ሞተሩ መሃል ስለሆነ ክብደቱ እኩል ይከፋፈላል። ከኋላው የሚተወው ማዕበል ዝቅ ያለ ነው። ተንሸራታቹ ወደ ጎን ሲስበው እንኳ መስመሩን አይለቅም። ማስተርክራፍት እና ስኪ ናውቲክ የሚባሉት በዚህ ነው ስም ያወጡት። በውድድር ላይ ወንዶች በሰዓት እስከ 58 ኪሎ ሜትር እየተጎተቱ ነው ቡዋዎቹን (ውሃው ላይ የሚንሳፈፉትን ምልክቶች) የሚዞሩት። እዚያ ደረጃ መድረስ የሚፈልግ ሰው ካለ፣ ሌላ ጀልባ አልመክረውም። ጀማሪ ግን በሁለት ስኪ ለመቆም በሰዓት ከ30 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ይበቃዋል። ለዚያ ደግሞ ከጭራው የሚገፋው ጀልባ አያንስም።

ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። ከሁሉ ጥልቅ የሆነው ቦታው 14 ሜትር ገደማ ነው። ውሃው በመስከረም አካባቢ ሞልቶ፣ በግንቦትና በሰኔ ይጎድላል። ያን ጊዜ በመስከረም ሳታዩት ያለፋችሁት ድንጋይ ከጀልባው ሥር ይጠብቃችኋል። የስኪ ጀልባው ፕሮፔለር፣ ዘንጉና መሪው ከሆዱ በታች ወጥተው ነው ያሉት። ወደ ላይ አይነሱም። አንድ ድንጋይ ዘንጉን ካጎበጠው ጀልባውን ሙሉ በሙሉ ከውሃ ማውጣት ግድ ነው። የተንጠልጣዩ ሞተር ግን ዳርቻ ስትደርሱ ከፍ ይደረጋል። እምቦጭ ቢጠመጠምበት እንኳ አንስታችሁ በቢላ ታጸዱታላችሁ። ለእኔ ሚዛኑን የደፋው ይሄ ነው።

ከፍታውን ደግሞ ብዙ ገዢ አያስበውም። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። እናም 60 የተባለው ሞተር ባሕር ዳር ላይ ወደ 49 ይወርዳል። ትልቁ የስኪ ጀልባ ሞተርም እንዲሁ ይቀንሳል፤ ግን ትርፍ ጉልበት ስላለው ብዙም አያስታውቅበትም። ለተንጠልጣዩ መላው ፕሮፔለሩን መቀየር ነው። የክንፉ ጠመዝማዛ (ፒች) በአንድ ወይም በሁለት ኢንች የሚያንስ ሲገጠምለት ሞተሩ እንደ ልቡ ይዞራል። ጀልባው ከባሕር ዳርቻ አገር የመጣ ከሆነ፣ የተገጠመለት ፕሮፔለር ለዚያ እንጂ ለጣና አይደለም።

ለስኪ ጀልባው የሚከራከሩ ሰዎች «ሞተሩ የመኪና ስለሆነ ማንም ጋራዥ ይሠራዋል» ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። ካንዴላውን፣ ዘይቱን፣ ባልቦላውን የሚያውቅ መካኒክ አይጠፋም። አደጋው ያለው እዚህ ጋ ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል። ስለዚህ የጀልባው ሆድ ውስጥ ይተኛል። የጀልባ ማስነሻ ሞተርና ጄኔሬተር ብልጭታ ወደ ውጭ እንዳያወጡ ተደርገው ነው የሚሠሩት። ቆጥቤ ልግባ ብሎ የመኪና ዕቃ የገጠመ ሰው እሳት ሊያስነሳ ይችላል። እንዲህ ያለ ጀልባ ከመነሳቱ በፊት የአየር ማውጫውን ፋን ቢያንስ 4 ደቂቃ ማሠራት ያስፈልጋል። ይህን የማያደርግ ሻጭ ካያችሁ፣ ሌላውንም ጥገና እንዴት እንደያዘው ገምቱ።

ተንጠልጣዩን ከመረጣችሁ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፤ በሁለት ምት የሚሠራው ቱ ስትሮክ ወይስ በአራት ምት የሚሠራው ፎር ስትሮክ? ቱ ስትሮክ ቀላል ነው፤ ዋጋውም ዝቅ ይላል፤ ሲበላሽም በቀላሉ ይፈታል። ብዙዎቹ 50 ሊትር ቤንዚን ላይ 1 ሊትር ዘይት ይቀላቀልላቸዋል። ግን የድሮው ባለ ካርቡሬተር ዓይነት ከሚጠጣው ነዳጅ ሩብ ያህሉን ሳያቃጥል ወደ ውሃው ሊተፋው ይችላል። ጣና ዓሣ የምንበላበት፣ በዳርቻው ያለው ገበሬም ከብቱን የሚያጠጣበት ውሃ ነው። አቅም ያለው ሰው ፎር ስትሮኩን ቢወስድ ደስ ይለኛል። ነዳጁም ይበረክታል፤ ድምፁም አይረብሽም።

አሁን ሁለቱንም ወደሚመለከተው ልምጣ። የመጀመሪያ ጀልባዬን ስገዛ ሞተሩን ብቻ አየሁ። ሻጩ ወለሉን አዲስ ምንጣፍ አልብሶት ነበር፤ እኔም አማረኝ። ከጥቂት ወራት በኋላ ወለሉ ከእግሬ ሥር መስመጥ ጀመረ። ምንጣፉን ስገልጠው ከፋይበሩ ሥር ያለው እንጨት እንደ ራሰ ዳቦ ሆኗል። ጥገናው ከጀልባው ዋጋ ብዙም አላነሰም። በተለይ የቆዩት የስኪ ጀልባዎች ሞተራቸው የተቀመጠው በእንጨት ተሸካሚዎች ላይ ነው። በመዶሻ እጀታ እየመታችሁ ሂዱ። ጠንካራው ጥርት ያለ ድምፅ አለው፤ የበሰበሰው እንደታፈነ ይሰማል። የተንጠልጣዩ ሞተር ደግሞ የታሰረበት የኋላ ግድግዳ ነው መታየት ያለበት። ሞተሩን ከፍ አድርጋችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ወዝውዙት። ግድግዳው አብሮ ከተወዛወዘ ትታችሁ ሂዱ።

ሞተሩን ሳይሞቅ ድረሱበት። ሻጩ ቀድሞ አሙቆት ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ቅጠሩት። የየሲሊንደሩን ኮምፕሬሽን (የእመቃ ግፊቱን) አስለኩ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከ10 በመቶ መብለጥ የለበትም። የተንጠልጣዩን የካምቢዮ ዘይት ጠብ አድርጋችሁ እዩ። ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። ሲነሳ ከጎኑ ቀጭን ውሃ ፊን ማለት አለበት፤ ካላለ ማቀዝቀዣው አይሠራም። ጀልባው ጨው ውሃ ላይ የሠራ ከሆነ በቡሎኖቹና በውሃ መተላለፊያው ላይ ነጭ ቅርፊት ፈልጉ። የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑንም አትርሱ።

ጥገናው ላይ የእኛ ውሃ ይረዳናል። ጣና ጨው የለውም፤ አይበርድም፤ ሞተር ውስጥ ውሃ በረዶ ሆኖ የሚሰነጥቅበት ስጋት የለም። የውሃ ፓምፑን የጎማ ተሽከርካሪ በየዓመቱ ቀይሩ፤ ደለል ቶሎ ይበላዋል። የካምቢዮ ዘይት በየ100 ሰዓቱ ይቀየራል። በብረቱ ፈንታ እየተበላ ከዝገት የሚያድነው ቁራጭ (አኖድ) ለጨው አልባ ውሃ ማግኒዚየም ይሁን፤ ዚንኩ እዚህ ብዙም አይሠራም። ክረምት ላይ ጀልባውን ከውሃ አውጡና አፍንጫውን ቀና አድርጋችሁ አቁሙት፤ ከኋላ ያለውን መድፈኛም ንቀሉት። ያለዚያ የሐምሌ ዝናብ ይሞላዋል።

ተጎታችም አለ። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ጀልባ ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ከባዱ የስኪ ጀልባ የራሱ ፍሬን የሌለው ተጎታች ላይ ከተጫነ ያንን በረሃ እንዲወርድ አልፈቅድም።

ልጆቹን በተመለከተ ለወዳጄ ሦስት ነገር ነግሬዋለሁ። ስኪው ጠዋት ይሁን፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል። ከዓባይ መውጫ አካባቢና ከዳርቻ ይራቁ። አንዱ የጉማሬ ሠፈር ነው፤ ሌላው ቢልሃርዚያ አለበት። የሕይወት ጃኬቱ ደግሞ ጀልባው ከመገዛቱ በፊት ይገዛ።

ቅዳሜ ጀልባውን ሊያይ ይሄዳል። መዶሻና የካንዴላ መፍቻ ያዝ፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ለሻጩ ሳትነግረው ድረስ ብዬዋለሁ።