ኡቡንቱ ዴስክቶፕ አልገባ ሲል፦ ተርሚናል ወይስ ላይቭ ፍላሽ?

የኡቡንቱ (የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ምልክት ይታያል፤ ከዚያ ጥቁር ስክሪን። ወይም የይለፍ ቃል ታስገባለህ፣ መልሶ እዚያው ይጥልሃል። ፎርማት ለማድረግ አትቸኩል።

መጀመሪያ ኮንትሮል፣ አልት እና ኤፍ3ን አንድ ላይ ተጫን። ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት ስክሪን) ከመጣ ሲስተሙ ተነስቷል፤ ችግሩ ብዙ ጊዜ ዴስክቶፑ ላይ ነው ማለት ነው። እኔ ቀድሜ የማየው ዲስኩ ሞልቶ እንደሆነ ነው። ቦታ ካለቀ ዴስክቶፑ ጊዜያዊ ፋይሎቹን የሚጽፍበት ያጣል። ብዙ ጊዜ የቆዩ ሎጎችን (የሲስተሙን መዝገቦች) እና የፓኬጅ ካሹን (ሶፍትዌር ሲጫን የወረዱ ፋይሎችን) ማጽዳት ይበቃል። ችግሩ የጀመረው ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ከታደሰ በኋላ ከሆነና ማሽንህ የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ካለው፣ ድራይቨሩን (ካርዱን የሚያሠራውን ሶፍትዌር) ጠርጥር። ሪስታርት አድርግና ከግረብ (ሲስተሙን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ሜኑ የቀድሞውን ከርነል ምረጥ። በእሱ ከገባልህ ድራይቨሩን እንደገና ጫን። ለዚህ ሁሉ ሌላ ኮምፒውተር አያስፈልግም።

ላይቭ ፍላሽ (ኡቡንቱ ዲስኩ ላይ ሳይጫን በቀጥታ የሚነሳበት ፍላሽ) ጣጣ አለው። ለማዘጋጀት ሌላ ኮምፒውተር ይፈልጋል፣ ብዙ ጊጋባይት ማውረድም አለ (ኢንተርኔት በፓኬጅ ለሚገዛ ሰው ቀልድ አይደለም)። ግን ግረብ ራሱ ከጠፋ ወይም ዋናው ፋይል ሲስተም (ዲስኩ ላይ ፋይሎች የሚደራጁበት መዋቅር) ከተበላሸ የሚያዋጣው እሱ ነው። ፋይል ሲስተም የሚጠገነው ዲስኩ ማውንት ሳይደረግ (ለሥራ ሳይከፈት) ነውና።

እኔ ከተርሚናሉ እጀምራለሁ። ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ግን ምንም ሳትነካካ በፍላሹ ግባና ፋይሎችህን አውጣ።