ሲፒ 5622 የፕሮፊባስ ካርድ በአንድ የባሕር ዳር ዱቄት ፋብሪካ፦ ከሚያዝያ እስከ ጥር

ይህ ግምገማ ሲመንስ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ስለሚያመርተው ሲፒ 5622 ስለተሰኘ የኢንዱስትሪ ኔትወርክ ካርድ ነው፤ ካርዱ ኮምፒውተርን ፕሮፊባስ በተባለው የፋብሪካ መሣሪያዎች የመረጃ መስመር ከመቆጣጠሪያው ጋር ያገናኛል። ካርዱን የገጠምነው ባለፈው ሚያዝያ፣ ባሕር ዳር በሚገኝ መካከለኛ የዱቄት ፋብሪካ፣ የወፍጮውንና የማሸጊያውን መስመር በስክሪን በሚያሳየው የመቆጣጠሪያ ክፍል ኮምፒውተር ላይ ሲሆን፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እስከዚህ ጥር ድረስ ቀንና ሌሊት ሲሠራ ቆይቷል። እንዲህ ያለ ዕቃ ከካርቶኑ በወጣበት ሳምንት ሁሉም ደኅና ይመስላል፤ ስለዚህ የጣናን ክረምትና መብረቁን እስኪያሳልፍ ድረስ አስተያየቴን ማቆየት መርጫለሁ።

የተተካው ሲፒ 5611 የተባለው የዚሁ ቤተሰብ ታላቅ ካርድ ነው። እርሱ የሚሰካው በፒሲአይ ስሎት፣ ማለትም በማዘርቦርድ ላይ ባለ የድሮ ዓይነት የካርድ መሰኪያ ላይ ሲሆን፣ ይህ ስሎት ደግሞ ዛሬ ገበያ ላይ ከሚገኙት አብዛኞቹ ማዘርቦርዶች ላይ ጠፍቷል። ችግሩን የሚያወሳስበው ካርዱ ብቻውን አለማርጀቱ ነው። ኮምፒውተሩ የሚሠራበት ዊንዶውስ ኤክስፒ የማይክሮሶፍት ድጋፍ የተቋረጠበት እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 2014 ነው፤ ሃርድ ዲስኩ በሰፊው ጠፍጣፋ የአይዲኢ ኬብል የሚገናኝ በመሆኑ ምትክ አይገኝለትም፤ በማዘርቦርዱ ላይ ያሉት ካፓሲተሮች አናታቸው ማበጥ ጀምሯል። በሌላው ጫፍ ግን ኤስ7-300 የተባለው መቆጣጠሪያ፣ ማለትም ሞተሮቹን በትክክል የሚያዝዘው ፒኤልሲ፣ አንዳች የድካም ምልክት ሳያሳይ ሥራውን ይቀጥላል። ስለዚህ መልስ የሚሻው ጥያቄ ጤነኛውን ፒኤልሲ ሳንነካ የታመመውን ኮምፒውተር እንዴት እንቀይር የሚለው ነበር።

አማራጮቹ ከሚታሰበው በላይ ብዙ ናቸው። የመጀመሪያው ያገለገለ ሲፒ 5611 ገዝቶ እንደነበረው ማስቀጠል ነው፤ ዋጋው ዝቅ ያለ ቢሆንም በሰው እጅ የቆየ ካርድ ስንት ዓመት እንደሠራ የሚያውቅ የለም፣ አንድ ሻጭ አዲስ ብሎ ባቀረበልን ናሙና ላይም የቀድሞ ብሎን ጭረት በግልጽ ይታይ ነበር። ሁለተኛው ሲፒ 5612 የተባለው አዲስ ምርት ሲሆን፣ በዚያው በፒሲአይ ስሎት ላይ ስለሚሰካ የድሮውን ኮምፒውተር ይዞ ለመቆየት ያስችላል። ሦስተኛው ፒሲአይን በተካው በፒሲአይ ኤክስፕረስ ስሎት የሚሰካውና አዲስ ኮምፒውተር እንድንገዛ የሚያስገድደው ሲፒ 5622 ነው። በዩኤስቢ የሚሠራ ሲፒ 5711 የተባለ አስማሚም አለ፤ ይህ ለጥገና ባለሙያ ላፕቶፕ እጅግ ምቹ ነው፣ ነገር ግን ጽዳት የምትሠራ እናት በመጥረጊያዋ ነካ ስታደርገው ሊነቀል በሚችል ገመድ ላይ የወፍጮን ቁጥጥር ማንጠልጠል ተገቢ አይመስለኝም።

ከእነዚህ መካከል ብዙ ሰዎችን የሚያማልለው ሲፒ 5612 መሆኑን ከጓደኞቼ ጋር በነበረኝ ውይይት ተገንዝቤያለሁ፤ ካርዱን ብቻ ገዝቶ ሌላውን እንዳለ መተው ለግዥ ክፍልም ለማስረዳት ይቀላል። እኔ ግን የተሳሳተ ቁጠባ ነው እላለሁ። ካርድ እምብዛም አይሞትም፤ የሚሞተው በዙሪያው ያለው ኮምፒውተር ነው። አሮጌውን ኮምፒውተር እንድናቆይ የሚረዳን ካርድ ከገዛን፣ በሚቀጥለው ዓመት ማዘርቦርዱ ሲቃጠል ካርዱን የምንሰካበት ቦታ እናጣለን፤ በዚያን ጊዜም ሁለተኛ የውጭ ምንዛሪ፣ ሁለተኛ ፕሮፎርማ፣ ሁለተኛ ጥበቃ ይጠይቀናል። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ በብር ምን ያህል እንደተወደደ ለሚያውቅ ሰው፣ አንድን ግዥ ሁለት ጊዜ መፈጸም ቀላል ነገር አይደለም።

ገጠማውን በአጭሩ ልለፈው። ካርዱ ባለ አንድ መስመር የፒሲአይ ኤክስፕረስ ካርድ በመሆኑ በረዥሞቹ ስሎቶችም ላይ ይሠራል፤ በስተጀርባው የሚታየው ባለ ዘጠኝ ፒን ሶኬት ከድሮው ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ ሐምራዊው የፕሮፊባስ ኬብል ያለ ምንም ለውጥ ይሰካል። በበጋው ደረቅ አየር ካርድ የሚነካ ሰው የስታቲክ መከላከያ አምባር በእጁ ላይ ማሰር ይኖርበታል፤ ይህን በአግባቡ የሚያደርግ ጥቂት ነው።

በሶፍትዌሩ በኩል ግን ጊዜ የሚወስድ ነገር አለ። እኛ አዲሱን ኮምፒውተር በዊንዶውስ 10 አዘጋጅተን ፒኤልሲው ፕሮግራም የሚደረግበትን የሲመንስ ሶፍትዌር ስቴፕ 7ን በ5.6 እትሙ ጫንንበት፤ የስክሪኑን ሥራ የሚሠራውን ዊንሲሲንም ከዚሁ ዊንዶውስ ጋር ወደሚስማማ እትም አሻገርነው። የድሮው ፕሮጀክት ወደ አዲሱ እትም ከተሻገረ በኋላ ሥዕሎቹ ሁሉ ይከፈታሉ፣ ቁጥሮቹ ግን ባዶ ይሆናሉ፤ ምክንያቱም በፕሮጀክቱ ውስጥ የግንኙነት ቻናሉ የሚፈልገው የድሮውን ካርድ ስም ነው። አዲሱ ካርድ በሲስተሙ ውስጥ የሚመዘገበው በሌላ ስም ስለሆነ፣ በቻናሉ የሲስተም ፓራሜትር ውስጥ ገብቶ ስሙን በእጅ መቀየር ያስፈልጋል። ከዚህ ጋር የመስመሩን ፍጥነት፣ የኮምፒውተሩን አድራሻና የከፍተኛውን ጣቢያ አድራሻ ፒኤልሲው ውስጥ ከተጻፈው ጋር አንድ ማድረግ ግድ ነው። የእኛ መስመር በሰከንድ በ1.5 ሜጋቢት ይሠራል። ካርዱን በማዋቀሪያው መስኮት ውስጥ ያለው የምርመራ ገጽ በአውታሩ ላይ ያሉትን ጣቢያዎች አድራሻ አንብቦ ስለሚያሳይ፣ ዊንሲሲን ከመክፈት በፊት በዚያ ገጽ ላይ ፒኤልሲው መታየቱን ማረጋገጥ ብዙ ግምትን ያስቀራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ይህ በካርዱ ማስታወቂያ ወረቀት ላይ የማይገኝ፣ ግን ማንኛውም ካርድ ቀያሪ ሊያውቀው የሚገባ ጉዳይ ነው። የፕሮፊባስ መስመር በሁለቱም ጫፎቹ ላይ ተርሚኔሽን (የመስመር ማብቂያ) ይፈልጋል፤ ይኸውም 390፣ 220 እና 390 ኦም የሆኑ ሦስት ሬዚስተሮች በሶኬቱ ራስ ውስጥ ተቀምጠው በትንሽ ማብሪያ የሚገናኙበት ነው። እነዚህ ሬዚስተሮች ዝም ብለው የተቀመጡ አይደሉም፤ መስመሩን በትክክለኛው ቮልቴጅ ላይ ለመያዝ ከተሰኩበት መሣሪያ አምስት ቮልት መውሰድ አለባቸው። ስለዚህ በመስመሩ ጫፍ ላይ ያለው መሣሪያ ኮምፒውተር ከሆነና ኮምፒውተሩ ከጠፋ፣ ተርሚኔሽኑ ኃይል አጥቶ መስመሩ ሚዛኑን ይስታል፤ የሞተሮቹን ፍጥነት የሚቆጣጠሩት ድራይቮችም ከመስመሩ ላይ ሊጠፉ ይችላሉ። ፒኤልሲው ውስጥ የጣቢያ መጥፋትን የሚያስተናግደው ኦቢ86 የተባለው የፕሮግራም ክፍል ካልተጫነ ደግሞ ሲፒዩው፣ ማለትም የፒኤልሲው አንጎል፣ ራሱ ወደ ማቆሚያ ሁኔታ ይገባል።

የእኛ ፋብሪካ መስመር መጀመሪያ ሲዘረጋ የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ኮምፒውተር ልክ በጫፉ ላይ ተቀምጦ ነበር። ይህ ለዓመታት ያልታወቀበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ወፍጮውም አብሮ ስለሚቆም፣ ኮምፒውተሩ ብቻውን የሚጠፋበት አጋጣሚ አልነበረም። ካርዱን ለመቀየር አሮጌውን ኮምፒውተር ስናጠፋ ግን በሲፒዩው ላይ ቢኤፍ የሚለው፣ የመስመር ብልሽትን የሚያመለክተው ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። መፍትሔው ውድ አይደለም፦ ከፒኤልሲው ሣጥን የራሱን 24 ቮልት የሚወስድ አክቲቭ ተርሚኔተር በመስመሩ ጫፍ ላይ አስገብተን የኮምፒውተሩን ሶኬት ማብሪያ ወደ ጠፊ መለስነው። አሁን ኮምፒውተሩ በርቶም ጠፍቶም ወፍጮው አይሰማውም። ከዚያ በፊት ያለውን ለመፈተሽ የሚፈልግ ሰው ሁሉንም ሶኬት ከመሣሪያዎቹ ነቅሎ፣ በሁለቱ ገመዶች መካከል በመልቲሜትር ይለካ፤ ሁለቱም ጫፎች ተርሚኔሽናቸው ከበራ ወደ 110 ኦም፣ አንዱ ብቻ ከበራ ወደ 220 ኦም ያነብባል። ሦስተኛ ሶኬት በመካከል በስሕተት በርቶ ከሆነ ደግሞ ከ110 በታች ይወርዳል። አንድ ሰው ካርዱ ተበላሽቷል ብሎ ወደ ሻጭ ከመመለሱ በፊት ይህን ልኬት እንዲያደርግ አጥብቄ እመክራለሁ፤ በእኔ ግምት በካርድ ላይ ከሚነሡት ክሶች ብዙዎቹ የኬብል ናቸው።

ክረምቱን በተመለከተ፣ ባሕር ዳር ከሰኔ እስከ መስከረም የምትቀበለው ዝናብ ብዙ ነው፣ ከሐይቁ ላይ የሚነሣው ነጎድጓድም አመሻሹ ላይ ይበረታል። ካርዱ በዚህ ጊዜ ሁሉ አንድም የግንኙነት መቋረጥ አላሳየም። ሆኖም ምስጋናውን ሁሉ ለካርዱ መስጠት ፍትሐዊ አይሆንም። የኬብሉ ሽፋን መረብ በሁለቱም ጫፍ ከመሬት ጋር ተገናኝቷል፤ ከወፍጮው ሕንፃ ወደ ማሸጊያው ሕንፃ የሚሻገረው ክፍልም በሁለቱ ወገን መካከል የኤሌክትሪክ መለያየት በሚፈጥር ሪፒተር በኩል ያልፋል። ሕንፃዎቹ ይበልጥ የሚራራቁ ቢሆኑ ኖሮ ይህን ክፍል በፋይበር ኦፕቲክ መሥራት ይሻል ነበር። ኮምፒውተሩን ከካርዱ ይልቅ ያስቸገረው ማታ ማታ መብራት ተከትለው ከሐይቁ የሚመጡት ነፍሳት ናቸው፤ በማራገቢያው ማጣሪያ ላይ ከዱቄት ብናኝ ጋር ተጣብቀው አየር ይዘጋሉ፣ ስለዚህ ማጣሪያው በክረምት ከበጋው በበለጠ መጽዳት አለበት።

ስለ ከፍታም አንድ ቃል ልጨምር። ብዙ የኢንዱስትሪ ኤሌክትሮኒክስ የመሥራት አቅሙ ሳይቀንስ የሚሠራው እስከ 2000 ሜትር ከፍታ ነው፤ ባሕር ዳር በ1800 ሜትር አካባቢ ስለምትገኝ አያሳስብም፣ ደብረ ታቦርን ለመሰለ ከ2600 ሜትር በላይ ላለ ከተማ ግን የማቀዝቀዣውንና የኃይል ምንጩን መመሪያ ማንበብ ይገባል።

ፍጥነትን የሚጠብቅ ሰው ያዝናል። ስክሪኑ ላይ ያሉት ቁጥሮች የሚታደሱት ከድሮው በተለየ ፍጥነት አይደለም፣ ሊሆኑም አይችሉም፤ መስመሩ 1.5 ሜጋቢት ሆኖ ሳለ ካርዱ እስከ 12 ሜጋቢት መሥራት መቻሉ ለእኛ ትርጉም የለውም። የመስመሩን ፍጥነት ከፍ ማድረግ ደግሞ ርዝመትን ያስከፍላል፤ በ1.5 ሜጋቢት 200 ሜትር የሚፈቀድ ሲሆን በ12 ሜጋቢት ወደ 100 ሜትር ይወርዳል። ካርዱ እንደ ሲፒ 5623 የራሱ ፕሮሰሰር የለውም፤ የመልእክት ሥራውን በአብዛኛው የሚሠራው የኮምፒውተሩ ሲፒዩ ነው፣ የግንኙነቶቹም ብዛት በስምንት የተወሰነ ነው። ለአንድ ወይም ለሁለት ፒኤልሲ ይህ ከበቂ በላይ ሲሆን፣ ከአሥር ፒኤልሲ በላይ በአንድ ኮምፒውተር ለሚያይ ፋብሪካ ግን የተሳሳተ ምርጫ ይሆናል።

የማልወደው ነገር አለ። ለተራ ኢተርኔት ካርድ ከሚከፈለው ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ያስደነግጣል፤ ድራይቨሩም ብቻውን የሚወርድ ትንሽ ፋይል ሳይሆን ከትልልቆቹ የሶፍትዌር ጥቅሎች ጋር የሚመጣ በመሆኑ፣ ከመግዛት በፊት የስቴፕ 7ን፣ የዊንሲሲንና የዊንዶውስን እትም በአንድ ሠንጠረዥ ላይ አስቀምጦ ማመሳከር ግድ ይላል። ዊንዶውስ 10 ራሱን ወደ እንቅልፍ ሁኔታ እንዳያስገባ መከልከል፣ ማሻሻያዎችንም በእረፍት ቀን ብቻ እንዲጭን ማድረግ አስፈላጊ ነው፤ ተኝቶ የነቃ ኮምፒውተር ከፒኤልሲው ጋር ያለውን ግንኙነት መልሶ እንዲያገኝ መጠበቅ አይቻልም።

በመጨረሻ አንድ ሌላ መንገድ መኖሩን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በኤስ7-300 መደርደሪያ ላይ ሲፒ 343-1 የተባለውን የኢተርኔት ሞጁል መጨመር ከተቻለ፣ ኮምፒውተሩ ልዩ ካርድ ሳያስፈልገው በተራ የኔትወርክ ገመድ ይገናኛል። ይህ ሃሳብ ንጹሕ ነው፤ ነገር ግን የፒኤልሲውን የሃርድዌር አደረጃጀት ቀይሮ ሲፒዩውን ማቆምን ይጠይቃል፣ የመጀመሪያው ፕሮግራም ምንጭ ፋይልም በእጅ መኖር አለበት። ፋይሉ ለሌላቸው ፋብሪካዎች፣ እነርሱም ጥቂት አይደሉም፣ ሲፒ 5622 ፒኤልሲውን ሳይነካ የሚሠራ ስለሆነ የተሻለ ነው። ሲመንስ እ.ኤ.አ. በ2023 ኤስ7-300ን ከምርት የማውጣቱን ሂደት ጀምሯል፣ መለዋወጫውም እስከ 2033 ድረስ እንደሚቀርብ ተገልጿል። ስለዚህ አዲሱን ኮምፒውተርና ካርዱን የገዛነው ፒኤልሲው ራሱ እስኪቀየር ድረስ ላለው ጊዜ ነው፤ በማሸጊያው በኩል ላለው ሁለተኛ ጣቢያም ይኸው ካርድ በዚህ ዓመት በጀት ተይዞለታል፣ የተነሣው ሲፒ 5611 ደግሞ እስከዚያው ለዚያ ጣቢያ መጠባበቂያ ሆኖ በዕቃ ክፍል ተቀምጧል።