«ሙሉ ቼክአፕ በቅናሽ» የሚሉትን ተጠንቀቁ

ደሜ እንደፈላ ነው የምጽፈው። ባነሩን ታውቁታላችሁ፤ ስኳር፣ ኩላሊት፣ ጉበት፣ ኮሌስትሮል ባንድ ላይ፣ «ለበዓል ልዩ ቅናሽ»። ቅናሹ እስከ ምርመራው ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን የደረሰበት ያውቀዋል።

ታናሽ ወንድሜ ተመርምሮ ውጤት ልንሰማ ገባን። ሐኪሙ የጉበት ኢንዛይም የሚባሉትን ሁለት ቁጥሮች በቀይ አከበበ፤ ኤስጂኦቲ 131፣ ኤስጂፒቲ 58። መደበኛው እስከ 40 ነው። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው «መጠጥ ከጀመርክ ስንት ዓመትህ ነው?» አለው።

መጠጥ በአፉ ዞሮ የማያውቅ ልጅ ነው። «አልጠጣም ዶክተር» ሲለው ሰውየው ሳቀ። በሩ ክፍት ነው፣ ወረፋ የያዘው ሁሉ ይሰማል። ነርሷን ጠርቶ «ይሄም አልጠጣም ይላል» አላት፤ እሷም ሳቀች። ወንድሜ አንገቱን ደፋ። እኔ «ቁጥሩ ምን ማለት ነው?» ብል፣ «እሱን ለማወቅ እኮ ነው እኔ ስንት ዓመት የተማርኩት፣ እህቴ» ብሎ ወረቀቱን አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ግሉኮስ፣ መርፌ፣ ምን እንዳለበት ያልተጻፈበት «የጉበት ማጽጃ» ሽሮፕ፤ 7,800 ብር። ወረቀቱን ስጡን ስንል ካሸሯ «ሕክምናውን ስትከፍሉ» አለችን። የገዛ ደሙን ውጤት! ከፍለን ወሰድነው።

ዛሬ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት አየችው። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ስፖርት ትሠራለህ?» ነበር። ጂም ከጀመረ ገና ነው፤ ከምርመራው በፊት በነበረው ማታም ብረት ሲያነሳ አምሽቷል። ኤስጂኦቲ ከጡንቻም ይወጣል ለካ። ከኤስጂፒቲው እጥፍ ሲሆን አልኮል ያስጠረጥራል፣ እሱስ ልክ ነው፤ የተጎዳ ጡንቻም ግን ያንኑ መልክ ይሰጣል። ሲኬ የሚባለውን የጡንቻ ምርመራ አዘዘች፤ ጣሪያ ነክቷል። ሌሎቹ የጉበት ምርመራዎች፣ ጂጂቲው፣ ቢሊሩቢኑና አልቡሚኑ፣ ደህና መሆናቸው እዚያው የመጀመሪያው ሐኪም ባከበበው ወረቀት ላይ ተጽፏል። የሚያናድደው ደግሞ፣ በኛ አገር ጉበት ሲነሳ ማንም ቀድሞ የሚጠይቀው ሄፓታይተስ ቢ «ሙሉ» በተባለው ቼክአፕ ውስጥ የለም! ቢም ሲም ዛሬ ነው የታየለት፤ ነጻ ነው። ሽሮፑን «አቁመው፣ ጉበት የሚጎዳ እንዲህ ያለው ነው» አለችው። ብረት ማንሳቱን ትቶ ትንሽ ከቆየ በኋላ ኢንዛይሙ በድጋሚ ይታያል።

እናንተ ወረቀቱን ሳትይዙ ስለ ሕክምና አታውሩ። የምትወስዱትን ሁሉ፣ የቲቢ መድኃኒትም ሆነ የባህል ቅጠል፣ ለሐኪም ንገሩ። ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት ከጠቆረ ወይም ሆድ ከተነፋ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ያኔውኑ ሆስፒታል ሂዱ።

ገንዘቡን እንዲመልሱ አሁን ደውዬ ነበር። ካሸሯ «ሽሮፑ ተከፍቷል?» አለችኝ። አዎ ስላት ዘጋችው።