የማርች ማድነስ የቤተሰብ ግምት፦ እጥፍ ነጥብ ወይስ የደረጃ ጉርሻ?

ማርች ማድነስ የሚባለው የአሜሪካ ኮሌጆች የቅርጫት ኳስ ውድድር ሲደርስ እኛ ቤት ሁሉም የየጨዋታውን አሸናፊ አስቀድሞ ይገምታል፤ መጀመሪያ የሚያጨቃጭቀው የነጥብ አሰጣጡ ነው።

የተለመደው እጥፍ እያለ የሚሄደው ነው፦ በመጀመሪያው ዙር ለትክክለኛ ግምት 1 ነጥብ፣ ከዚያ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ ለዋንጫው 32። የ63ቱ ጨዋታዎች ድምር 192 ይሆናል። ሻምፒዮኑን ያወቀ ሰው በዚያ ቡድን ስድስት ድሎች ብቻ 63 ነጥብ ያፍሳል። ለመደመር ቀላል ነው። ግን የመረጠው ሻምፒዮን ወዲያው የተሰናበተበት ልጅ ቀሪዎቹን ሳምንታት ምን ይሥራ? እ.ኤ.አ. በ2018 ቨርጂኒያን ያሉ ሁሉ ይህ ደርሶባቸዋል፤ ከውድድሩ በፊት ቡድኖች እንደ ጥንካሬያቸው ከ1 እስከ 16 ደረጃ ይሰጣቸዋል፤ 1ኛ ደረጃ የተሰጠው ቡድን በ16ኛው፣ በሜሪላንዱ ዩኤምቢሲ፣ 74 ለ 54 ተረታ።

ሁለተኛው መንገድ በዙሩ ነጥብ ላይ የአሸናፊውን የደረጃ ቁጥር ይጨምራል። በ2022 ሴንት ፒተርስ በ15ኛ ደረጃ ገብቶ ኬንታኪን፣ መሪ ስቴትንና ፐርዱን አሸነፈ። ሦስቱንም ድሎች የገመተ ሰው በእጥፉ አሠራር 7 ነጥብ ያገኛል፤ በጉርሻው 52! የቡድኑ አርማ ጣዎስ ስለሆነች ብቻ የመረጠች አክስት፣ ሌሊቱን ስታትስቲክስ ሲያጠና ያደረውን አጎት ጉድ ትሠራዋለች ማለት ነው።

ችግሩ ስስት ማምጣቱ ነው፤ 12ኛው ቡድን 5ኛውን ከጣለ 13 ነጥብ ስላለው ሁሉም ደካማውን መምረጥ ይጀምራል። ልጆችና አያቶች ካሉበት ግን እኔ ጉርሻውን እመርጣለሁ፤ የደረጃ ቁጥሩን ግማሽ አድርጎ መደመርም ስስቱን ያበርደዋል።