ባሊን በኪራይ መኪና፦ ሹፌሩ ይመሰገናል፣ መርሐ ግብሩ ይቅር

በኢንዶኔዥያዋ የባሊ ደሴት ባቡር የለም፤ የሕዝብ ማመላለሻውም በተራራና በሐይቅ ዳር ወዳሉት ቤተ መቅደሶች እምብዛም አያደርስም። ስለዚህ ሞተር ብስክሌት መንዳት የማይደፍር ጎብኚ ሁሉ እንደሚያደርገው፣ እኛም ኡቡድ ከተማ አርፈን መኪና ከነሹፌሩ በቀን ሒሳብ ተከራየን። የማነሣው ጉዳይ የአንድ ድርጅት ብቻ ስላልሆነ ስሙን አልጠቅስም። መኪናውና ሹፌሩ ከተከፈለባቸው በላይ ዋጋ አላቸው፤ ድርጅቱ አዘጋጅቶ የሚሸጠው የጉብኝት መርሐ ግብር ግን ፎቶግራፍ ለሚሰበስብ ሰው የተሠራ ስለሆነ ባይገዙት ይመረጣል።

ሹፌራችን በተባለው ሰዓት ይደርሳል፤ በጠባቡ መንገድ ላይ ከሞተር ብስክሌት መንጋ ጋር ሲጋፋም ትዕግሥቱ አያልቅም። ለቤተ መቅደስ መግቢያ ግዴታ የሆኑትን ሽርጥና መቀነት አጥፎ መኪናው ውስጥ ስለሚይዝ በየበሩ ከመከራየት ድነናል። በመሪው ፊት ለፊት ሁልጊዜ ቻናንግ የሚባለው የዕለት መሥዋዕት ይቀመጣል፤ ከኮኮናት ቅጠል ተቆርጦ የተሰፋ፣ ከመዳፍ የማይበልጥ፣ አበባና ቁንጥር ሩዝ የተደረገበት፣ አንድ ዘንግ ዕጣን የሚጨስበት ትንሽ ሣጥን ነው። ከሕዝቧ አብዛኛው ሂንዱ በሆነባት ደሴት ይኸው መሥዋዕት በየሱቁ ደጃፍና በየእግረኛ መንገዱ ስለሚቀመጥ፣ ሲራመዱ እንዳይረግጡት ዓይንን መሬት ላይ ማድረግ ያስፈልጋል። ይህንን የነገረን ሹፌሩ ነው እንጂ ድርጅቱ በላከልን ማብራሪያ ውስጥ አልነበረም።

የመጀመሪያው የጉብኝት ጥቅል ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሌምፑያንግ ቤተ መቅደስ ይወስዳል። በማኅበራዊ ሚዲያ የሚዘዋወረውን ምስል ያላየ ጥቂት ነው፦ ለሁለት የተከፈለ የድንጋይ በር፣ በመካከሉ 3,031 ሜትር ከፍታ ያለው የአጉንግ እሳተ ገሞራ፣ ከሥር ደግሞ የበሩ ጥላ የሚያርፍበት ሐይቅ። ሐይቁ ግን የለም። ፎቶ አንሺው ከስልኩ ካሜራ ሥር መስተዋት ይደግንና ደረቁን ወለል ውሃ ያስመስለዋል። ጎብኚው ለዚህ ሲል ቁጥር ተቀብሎ፣ ሰው በበዛበት ቀን ለሰዓታት፣ ተራውን ይጠብቃል፤ በመካከሉ ደመና ከወረደም ተራራው ራሱ ይሰወራል። ከበሩ በላይ 1,700 ያህል ደረጃ ያለው የተሳላሚዎች መንገድ እስከ ጫፉ ቤተ መቅደስ ይወጣል፣ መርሐ ግብሩ ግን ለዚያ የሰጠው ጊዜ አልነበረም። ደርሶ ለመመለስ የቀኑ እኩሌታ መኪና ውስጥ ያልቃል፤ ለፎቶው ብቻ ከሆነ እኔ አልመክርም።

በመመለሻችን ሳንጠይቅ የቡና እርሻ ወደተባለ መሸጫ ተወሰድን። ለቅምሻ የሚቀርበው ሉዋክ ቡና፣ ጥርኝ ፍሬውን በልታ ካወጣችው በኋላ ታጥቦ የሚቆላ ነው። ጥርኝን በዝባዷ ለምናውቅ ሰዎች ይህ ሳያስገርም አይቀርም፤ እኔን ግን በሽቦ ቤት ተዘግታ ወዲያና ወዲህ የምትመላለሰውን እንስሳ ካየሁ በኋላ ሲኒውን ማንሣት አላሰኘኝም። በኪንታማኒ ደጋ ከብርቱካን ዛፎች ጋር የሚበቅለው ተራው አረቢካ ደህና ቡና ስለሆነ፣ ቡና ላማረው ሰው እሱን ከማንኛውም ጥሩ ቡና ቤት መጠጣት ይሻለዋል። ሹፌሮች ገበያተኛ ሲያመጡ ኮሚሽን ማግኘታቸው የታወቀ ነው፣ አልነቅፋቸውም፤ ቅሬታዬ አስቀድሞ ያልተነገረን መሆኑ ላይ ነው።

ከዚህ በኋላ ጥቅሉን ትተን መኪናውን ብቻ ተከራየን፤ መንገዱንም እኛው መረጥን። ለምርጫችን መሠረት ያደረግነው ውሃን ነው፣ በባሊ ቤተ መቅደሱና ተፈጥሮው የሚገናኙት በውሃ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1633 የተመሠረተው የኡሉን ዳኑ በራታን ቤተ መቅደስ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ፣ በበራታን ሐይቅ ዳር የቆመ ሲሆን፣ የሐይቁ አምላክ ለሆነችው ለዴዊ ዳኑ የተሰጠ ነው። እየጠበበ ወደ ላይ የሚደራረበው 11 ጣሪያ ያለው ግንብ በማለዳ ጭጋግ ሲታይ በእርግጥ ውብ ነው፤ በግቢው ውስጥ የተደረደሩትን የሲሚንቶ እንስሳት ግን ማን እንዳሰባቸው አላውቅም። ከዚያ በመኪና ብዙም ሳይርቁ የጃቲሉዊህ የሩዝ እርከኖች ይገኛሉ። ሱባክ የሚባለው የገበሬዎች የመስኖ ማኅበር ውሃውን የሚያከፋፍለውና የመዝሪያ ጊዜ የሚቆርጠው ከውሃ ቤተ መቅደሶች ጋር ተያይዞ ነው። ጎረቤታሞች በአንድ ጊዜ ዘርተው በአንድ ጊዜ ስለሚያጭዱ፣ ማሳው ጦሙን በሚያድርበት ወቅት ተባዩም የሚበላው ያጣል። ዩኔስኮ ይህንን ሥርዓት ከነመልክዓ ምድሩ እ.ኤ.አ. በ2012 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ድርጅቱ ግን ሐይቁን በአንድ ጥቅል፣ እርከኑን በሌላ ጥቅል ስለሚሸጥ ጎብኚው ሁለቱን አያይዞ የማየት ዕድል አያገኝም። በጃቲሉዊህ በቦዩ ጠርዝ በእግር ለመሄድ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይያዝ፤ ኡቡድ አጠገብ ያለው የቴጋላላንግ የሩዝ እርከን በዥዋዥዌና በፎቶ መድረክ ስለተጨናነቀ ይህንን አይተካም።

ቀጣዩ ቲርታ ኤምፑል የተባለው የምንጭ ቤተ መቅደስ ነው፤ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ962 ነው። በውስጠኛው ግቢ ያለውን ኩሬ ጎንበስ ብሎ ለተመለከተ ሰው፣ ምንጩ ጥቁሩን አሸዋ ከሥር እያፈናቀለ ሲፈላ በግልጽ ይታያል። ያው ውሃ በውጭው ገንዳ በተደረደሩ አፎች ይወርዳል፤ ምእመናን እስከ ወገባቸው ገብተው፣ በእያንዳንዱ አፍ ሥር ጸሎት አድርሰውና ራሳቸውን ነክረው ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ለሙታን ሥርዓት የተለዩ አፎች ስላሉ እነሱን ይዘልላሉ። ጠበል ቤት ያደገ ሰው እዚህ ቦታ ላይ ምን ዓይነት ጠባይ እንደሚገባ አስረጅ አያሻውም፤ ካሜራ ዘርግቶ በተሳላሚዎች መካከል የሚዋኘው ጎብኚ ግን ጥቂት አይደለም። ከዚያው ብዙ ሳይርቅ፣ በፓከሪሳን ወንዝ ሸለቆ፣ ከ300 በላይ ደረጃ ተወርዶ የሚደረስበት ጉኑንግ ካዊ አለ፤ በ11ኛው ክፍለ ዘመን ከገደሉ ተፈልፍለው የወጡ 10 ረጃጅም የመታሰቢያ ሐውልቶች የቆሙበት ነው። በጥቅሉ ውስጥ አልተካተተም። እኔ ግን በደሴቲቱ ካየሁት ሁሉ አስበልጠዋለሁ።

ስለ ባሕር ዳሮቹ ቤተ መቅደሶች ብዙ አልልም። ታናህ ሎት ማዕበሉ ሲሸሽ እስከ አለቱ ሥር በእግር ይደረሳል፣ ወደ ቤተ መቅደሱ ግን ጎብኚ አይገባም፤ ከገበያው ግርግር ጋር ሲመዛዘን ግማሽ ቀን አያስወጣም። ኡሉዋቱ ከባሕሩ 70 ሜትር ገደማ ከፍ ባለ ገደል ላይ ስለሆነ ይሻላል። መነጽርና ስልክ ነጥቀው በምግብ የሚያስለውጡትን ጦጣዎች መጠንቀቅ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ የሚቀርበው ኬቻክ የተባለው ጭፈራ ያለ ሙዚቃ መሣሪያ በወንዶች ድምፅ ብቻ ስለሚካሄድ መታየት ያለበት ነው።

የሚከራይ ሰው ነዳጅና የመኪና ማቆሚያ በዋጋው ውስጥ መሆናቸውን፣ እንዲሁም ያልተጠየቀ የሱቅ ማረፊያ እንደማይኖር አስቀድሞ በጽሑፍ ያረጋግጥ፤ የመግቢያ ትኬት አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው ነው። ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እያንዳንዱ የውጭ ጎብኚ 150,000 ሩፒያ ለደሴቲቱ አስተዳደር ይከፍላል። በወር አበባ ላይ ያሉ ሴቶች ወደ ቤተ መቅደስ እንዳይገቡ የሚጠይቅ ማስታወቂያ በየበሩ ስላለ፣ ቀኑን ሲያቅዱ ማሰብ ይገባል። አብዛኛውን ጊዜ በፈረንጆች ማርች ወር በሚውለው ኜፒ በተባለው የባሊ ሂንዱዎች የዝምታ ቀን አየር ማረፊያው ሳይቀር ለ24 ሰዓት ስለሚዘጋና ማንም ከቤቱ ስለማይወጣ፣ ለዚያ ቀን መኪና የሚከራይ ድርጅት ቢገኝ ገንዘብ አትስጡት።