ሁለቱን ካልወሰዳችሁ የማያከራየው የቱሉ ዲምቱ መጽሐፍ ቤት

ስለ ዩክሬን ጦርነት ከዩቲዩብ ክርክር የተሻለ ነገር የምትፈልጉ የቱሉ ዲምቱና የኮዬ ፈጬ ሰዎች፣ መሃል ከተማ ድረስ ታክሲ መጋፋት አያስፈልጋችሁም። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ አንዱ ብሎክ ሥር፣ መጽሐፍ የሚያከራይ ጠባብ ሱቅ አለ። ስለ ልብ ወለዶቹ ሌላ ሰው ይጻፍ። እኔን የሳበኝ አንድ መደርደሪያ ነው።

እዚያ ላይ ያለው ሁሉ ምሁራን ስለዚህ ጦርነት የጻፉት ነው። ጥቂት መጻሕፍትና ብዙ የተጠረዙ ፎቶ ኮፒዎች። የቤቱ ደንብ ደግሞ ሌላ ቦታ አላጋጠመኝም፤ አንድ ወገን ብቻ መከራየት አይቻልም። የአሜሪካዊውን የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር የጆን ሚርሻይመርን ከወሰዳችሁ የሚሞግተውንም አብራችሁ ትወስዳላችሁ፣ የምትከፍሉት ግን የአንዱን ነው። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው፣ ሰፈሩ ጋሼ ይላቸዋል። ስትመልሱ ስለ እያንዳንዱ ጥራዝ አንድ ነገር ይጠይቃሉ፦ «የዚህኛው ድካሙ የት ላይ ነው?»

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፣ ግን አይደለም። ሚርሻይመር ሩሲያ ክሬሚያን በጠቀለለችበት በ2014 እ.ኤ.አ. የቀውሱ ዋና ተጠያቂ ምዕራቡ ነው ብሎ ጻፈ። ጣቱን የሚቀስረው በ2008ቱ የቡካሬስት ጉባኤ ላይ ነው። የምዕራባውያኑ የጦር ኅብረት ኔቶ እዚያ ዩክሬንና ጆርጂያ አባል ይሆናሉ ብሎ አወጀ፣ መቼ እንደሆነ ግን አልተናገረም። የቀድሞው የአሜሪካ ዲፕሎማት ጆርጅ ኬናንም ገና በ1997 የኔቶን መስፋፋት ትልቅ ስህተት ብሎት ነበር። ብዙ ጓደኞቼ ንባባቸው እዚህ ላይ አልቋል፣ ነገሩም ያለቀ ይመስላቸዋል።

ሁለተኛው ጥራዝ ግን እንቅልፍ ይነሳል። አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ቲሞቲ ስናይደር ይህን የቅኝ ገዢ ጦርነት ይለዋል። ፑቲን ራሳቸው በ2021፣ ጦራቸው ከመዝመቱ ወራት በፊት፣ ሩሲያውያንና ዩክሬናውያን አንድ ሕዝብ ናቸው የሚል ረጅም ጽሑፍ አውጥተዋል። በ1994 ደግሞ ዩክሬን ከሶቪየት የወረሰችውን ኑክሌር ለመስጠት ስትስማማ፣ ሩሲያ ድንበሯን አከብራለሁ ብላ ቡዳፔስት ላይ ፈርማለች። ከዚያ የፊንላንድ ጉዳይ ይመጣል። ከሩሲያ ጋር ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ የምትዋሰን አገር በ2023 ኔቶ ስትገባ ሞስኮ አልወረረቻትም። የሚርሻይመር ወገኖች ዩክሬን ለሩሲያ የተለየች ናት ብለው ይመልሳሉ። እኔን ግን አላሳመኑኝም፣ ምክንያቱም «የተለየች ናት» ሲሉ ራሱ ወደ ስናይደር ሐሳብ እየተጠጉ ነው። የቡካሬስቱ ቃል ግን በኔ እይታም መጥፎ ነበር፤ ለዩክሬን ጥበቃ አልሰጠ፣ ሩሲያን አስቆጣ።

አሁን ቅሬታዬ። መደርደሪያው የአሜሪካ ምሁራን እርስ በርስ የሚሟገቱበት ሆኗል። በዩክሬን ታሪክ ላይ ዕድሜውን የሰጠው ሰርሂ ፕሎኺ እንኳ የለም። የወረራው ሰለባ የሆነ ሕዝብ ስለ ራሱ የሚለው ካልተሰማ ክርክሩ ጎደሎ ነው። የአፍሪካም ድምፅ ጠፍቷል። በተባበሩት መንግሥታት የያኔው የኬንያ አምባሳደር ማርቲን ኪማኒ በፌብሩዋሪ 2022 የጸጥታው ምክር ቤት ፊት ቆመው፣ የእኛን ድንበር ያሰመሩት ቅኝ ገዢዎች ናቸው፣ ያም ሆኖ በጦር ልናስተካክለው አልመረጥንም የሚል መንፈስ ያለው ንግግር አድርገዋል። ከሳምንት በኋላ፣ ማርች 2፣ ጠቅላላ ጉባኤው ወረራውን በ141 ድምፅ ሲያወግዝ 5 አገሮች ውሳኔውን ተቃወሙ፣ 35 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ኤርትራ ከአምስቱ አንዷ ነበረች። ኢትዮጵያ ድምፅ አልሰጠችም። ይህን ለምን እንዳደረግን የሚተነትን አንድ ገጽ እንኳ መደርደሪያው ላይ አጣሁ። በ2022 ስንዴና ማዳበሪያ ከውጭ ታስገባ ለነበረች አገር፣ የጥቁር ባሕር ወደቦች መዘጋት ደግሞ የሩቅ ወሬ አልነበረም። ጋሼን ነገርኳቸው። «ልክ ነህ ልጄ፣ አምጣና እንጠርዘው» አሉኝ።

የቀረው ትንሽ ነው። አንዳንዱ ፎቶ ኮፒ ደብዝዟል፣ የግርጌ ማስታወሻው አይነበብም። ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው፤ በአማርኛ አንድ ሁለት ገጽ ማጠቃለያ ቢጨመርበት የሰፈሩ ተማሪዎች ይጠቀሙበት ነበር። መብራት ሲጠፋ ውስጡ ስለሚጨልም በቀን ሂዱ። ኪራዩ ከአንድ ማኪያቶ አይበልጥም፣ ማስያዣው መታወቂያ ነው፣ ጊዜው አንድ ሳምንት። መጀመሪያ የምትሄዱ ከሆነ በ2008 የቡካሬስት ጉባኤ ላይ ያለውን ጥራዝ ጠይቁ፣ ተቃራኒውን እሳቸው ራሳቸው ያወጡላችኋል።