ከጎንደር መልስ ሆዴን ላዳነችልኝ ልጅ

በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ ያላችሁ ወገኖቼ፣ የሆድን ነገር አደባባይ ማውጣት ነውር መሆኑ አልጠፋኝም። ባለቤቴም «ምን ነካህ?» ብላኛለች። ግን እንደ እኔ ቀኑን ሙሉ መሪ ይዞ የሚውል ሰው ሁሉ ቢያነበው ደስ ይለኛል።

ለ2017 ጥምቀት ጎንደር ነበርኩ። ከ12 ዓመት በኋላ ነበርና የቀረበልኝን ሁሉ በላሁ፤ ጠላውንም የቧንቧ ውሃውንም ጠጣሁ። እዚያ ምንም አልሆንኩም። ሲልቨር ስፕሪንግ በገባሁ በሳምንቴ ተቅማጥ፣ ቁርጠትና የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ግሳት ያዘኝ። ሰገራ ተመርምሮ ጃርዲያ የሚባል የአንጀት ተውሳክ ነው ተባለ። የታዘዘልኝን አራት ፍሬ ቲኒዳዞል ባንዴ ዋጥኩ፤ ተቅማጡ ቆመ፣ ተመስገን አልኩ።

ምን ዋጋ አለው። ሆዴ ከሰዓት በኋላ እንደ ከበሮ ይወጠራል፤ ቁርጠቱ ደንበኛ ጭኜ መንገድ ላይ ሳለሁ ይነሳል። ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ደለስ ኤርፖርት የትኛው ነዳጅ ማደያ የሽንት ቤት ቁልፍ እንደሚያስለምን በቃሌ ይዤዋለሁ። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ጭራሽ ባሰብኝ። ጃርዲያው ተመለሰ ብዬ ከአዲስ አበባ ይዤው የመጣሁትን ቲኒዳዞል ያለ ሐኪም ሁለቴ ደገምኩ። አንድ ወዳጄ ፌጦ በሎሚ አለኝ፤ የዚያን ሌሊት ነገር ግን ባልጽፈው ይሻላል። የሄድኩበት ሐኪም «ሰገራህ ንጹህ ነው፣ ጭንቀት ይሆናል» ብሎ በሰባት ደቂቃ ሸኘኝ።

ወደዚህች ልጅ የመራኝ አንድ የታክሲ ባልደረባዬ ነው። ዳይቲሺያን (የአመጋገብ ባለሙያ) ናት፣ ያገራችን ልጅ። መጀመሪያ «ጋሼ፣ ጎንደር ሳይሄዱ በፊት ሆድዎ እንዴት ነበር?» አለችኝ። እስካሁን ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ደም አይተው ያውቃሉ? ክብደት ቀንሰዋል? ሕመሙ ከእንቅልፍ ይቀሰቅስዎታል? አለችኝ። ከ45 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ መደረግ ያለበትን የትልቁ አንጀት ምርመራ አለማድረጌን ስትሰማ ምግብ ሳትነካብኝ ወደ ሐኪም መለሰችኝ። የሲሊያክ፣ ማለትም ስንዴ አንጀትን የሚጎዳበት ሕመም፣ የደም ምርመራም አስጨመረች፤ ስንዴ ካቆሙ በኋላ ቢመረመሩ ውጤቱ ያሳስታል አለች። ሁሉም ደህና ሆኖ ተመለስኩ።

«ተውሳኩ ወጥቷል ጋሼ፤ አንጀትዎ ግን ገና እንደተቆጣ ነው» አለችኝ። የእኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። ኖርዌይ ውስጥ በርገን የምትባል ከተማ በፈረንጆች 2004 የቧንቧ ውሃዋ በጃርዲያ ተበክሎ ብዙ ሰው ታሞ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ሲጠየቁ፣ ከታመሙት 46 ከመቶው እንደ እኔ ያለ ሆድ ይዘው ቀርተዋል፤ ካልታመሙት 14 ከመቶው ብቻ። ይህን ስሰማ እንዴት እንደቀለለኝ! እብድ አይደለሁማ።

ከዚያ ምግቡ መጣ። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ዳቦ፣ ሁሉም ለጊዜው ይቁም። በሁዳዴ! ልቆጣ ስል ሳቀች። የማላውቀውን የፈረንጅ ምግብ ዝርዝር አልሰጠችኝም፤ ከእኛው ጓዳ ነው የፈለገችልኝ። ጎመን፣ የድንችና የካሮት አልጫ፣ ሩዝ። እንጀራውን ንጹህ ጤፍ ከሆነ ተወችልኝ፣ ስንዴና ገብስ የገባበትን ግን ከለከለች። ነጭ ሽንኩርቱን በዘይት ጠብሶ ማውጣት ነው፤ ሽታና ጣዕሙ ዘይቱ ውስጥ ይቀራል፣ ሆድ የሚነፋው ነገር ግን በዘይት አይሟሟም። ባለቤቴ መጀመሪያ «ሽንኩርት የሌለው ወጥ ወጥ ነው እንዴ?» ብላ አኩርፋ ነበር፤ አሁን እሷው ለሌላ ሰው ታስተምራለች።

እንደዚህ አምስት ሳምንት ቆየን። ከዚያ አንድ በአንድ መመለስ ነው፣ ዋናው ሥራም እሱ ነው አለች፤ ዕድሜ ልክ መከልከል አልፈለገችም። ምስሩን ዘፍዝፎ ቀቅሎ ውሃውን መድፋት፣ መጀመሪያ በማንኪያ፣ ከሁለት ቀን በኋላ በጭልፋ። አሁን ምስር እበላለሁ። ሽሮ ግማሽ ጭልፋ ይስማማኛል፤ ከዚያ ካለፈ ማታ ዋጋዬን አገኛለሁ። ከፋሲካ በኋላ ማኪያቶዬን ላክቶስ በሌለው ወተት ጀመርኩ፣ በሰኔ ወደ ተራው ወተት ተመለስኩ። የቁሌቱ ቀይ ሽንኩርት ግን እስከ ዛሬ አልታረቀኝም።

ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ውለታሽን አልረሳም። ስሟን አደባባይ እንዳላወጣ ስለለመነችኝ፣ የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ስልኳን እሰጣችኋለሁ። የእኔ ኢንሹራንስ ከሐኪም ሪፈራል ጠይቆ ከፍሎልኛል፤ የእናንተን አስቀድማችሁ ደውላችሁ አጣሩ። ስትሄዱም የሳምንት ምግባችሁንና የሆዳችሁን ነገር የጻፋችሁበትን ደብተር ያዙ። እኔ ባዶ እጄን ሄጄ «ጽፈው ይምጡ ጋሼ» ብላ መልሳኛለች።